የመነኮሳቱን ምሳ ማን ያበስላል? ሴቶችና የዛሬው ቡድሂዝም

በሰኔ 2022 የሂማላያ ተራሮች ላይ ባለችው ቡታን 144 ሴቶች በአንድ ሥነ ሥርዓት ሙሉ ምንኩስና ተቀበሉ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥርዓቱን የመሩት የአገሪቱ መነኮሳት የበላይ አባት ናቸው። ዜናው እኛ ጋ ብዙም አልተወራም። ለሂማላያ ቡድሂስቶች ግን ቀላል ነገር አልነበረም። በቲቤት ወግ የሚኖሩ ሴቶች ለዘመናት ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ልብስ ለብሰው ገዳም ውስጥ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፉም ነበር። እድሜ ልካቸውን ጀማሪ ናቸው። ወንድ ግን ሃያ ዓመት ከሞላው ሙሉ መነኩሴ መሆን ይችላል።

ይህ ለሐዋሳ ሰው ምኑ ነው የሚል ይኖራል። በ2016 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከስሪላንካ የመጡ የልብስ ስፌት ባለሙያዎች ከተማችን ውስጥ ኖረዋል። በ2022 መጀመሪያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስልከው የአጎዋ ዕድል ሲዘጋ የተወሰኑ ኩባንያዎች ለቀው ሄዱ። እስከዚያው ግን ስንቷ የሲዳማና የወላይታ ልጅ ስፌት የተማረችው ከስሪላንካ ሰው ነው። ቤይሩትና ኩዌት በቤት ሠራተኝነት የኖሩ እህቶቻችንም የስሪላንካ ሴቶችን በደንብ ያውቋቸዋል። አንድ ሕንፃ ላይ፣ አንዷ ሦስተኛ ፎቅ አንዷ አምስተኛ ፎቅ ሆነው አብረው ደክመዋል። ከስሪላንካ ሕዝብ ደግሞ 70 በመቶ ገደማው ቡድሂስት ነው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሐውልት ነው አይደል የሚያመልኩት?» ይባላል፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። ሃይማኖቱ በየቀኑ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል። የመነኮሳቱን ምሳ ማን ያበስላል?

በስሪላንካ፣ በታይላንድ፣ በምያንማርና በላኦስ የሚኖር መነኩሴ በጥንቱ ሕግ መሠረት ለራሱ አያበስልም። ምግብ ለነገ ብሎ አያስቀምጥም። ከእኩለ ቀን በኋላም አይበላም። ስለዚህ በየቀኑ የሚሰጠው ሰው ከሌለ ጦሙን ያድራል። ሕጉ መነኩሴውን ከሕዝቡ እንዳይርቅ ያስረዋል። ሕዝቡ ደግሞ በምላሹ ጽድቅ ያገኛል፤ ለራሱም፣ ለሞቱበት ዘመዶቹም የሚተርፍ ጽድቅ።

ታይላንድ ውስጥ ጎሕ ሲቀድ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው፣ ሳህናቸውን ታቅፈው ይወጣሉ። በየደጃፉ ትኩስ ሩዝ ይዘው ከሚጠብቋቸው መካከል ወንዶችም አሉ። አብዛኞቹ ግን ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ መነኩሴን መንካት የለባትም። ዕቃ እንኳ ከእጇ ወደ እጁ በቀጥታ አይተላለፍም። አንድ ነገር ልትሰጠው ስትፈልግ ጨርቅ ይዘረጋል፣ እሷም ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ያበሰለችው ሴት ማለት ናት። የምንኩስናው ኑሮ የቆመው በእጇ ነው፤ እጇ ግን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። ስለ ሴቶችና ስለ ቡድሂዝም የሚባለው ሁሉ እዚህ ጨርቅ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ስሪላንካ ውስጥ ሰው ሲሞት በሰባተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ መነኮሳት ተጠርተው ይመገባሉ። ተዝካር ያወጣ፣ ሙት ዓመት የደገሰ ቤተሰብ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ድንኳኑ ውስጥ የሚጸልዩት ካህናት ናቸው። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያድሩት ሴቶች ናቸው። እዚያም እንደዚያው ነው። ወጡ ስንት ዓይነት እንደሚሆን፣ የትኛው መነኩሴ ምን እንደማይስማማው፣ የትኛው ጎረቤት ምን ሠርቶ እንደሚመጣ የምታውቀው የቤቱ እናት ናት።

አቶቴ አካባቢ እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር አንዲት የስሪላንካ ሴት ነበረች፤ ፓርኩ ውስጥ ትሠራ ነበር። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ነጭ ትለብሳለች። ፋብሪካ በተዘጋበት አንድ ቀን ከሰዓት አከራያችን ቡና አፍልተው ጠሯት። መጥታ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ቆሎ ሲዞር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳለፈችው።

«ምነው ልጄ፣ ጾም ነሽ እንዴ?» አሏት።

«አዎ እማማ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ አልበላም» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

ቡናውን ግን ያለ ወተት እስከ በረካው ጠጣች። አከራያችን በጣም ተገረሙ። «የኛ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የናንተ ከስድስት ሰዓት በኋላ! ታዲያ መቼ ነው አብረን የምንበላው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጨረቃ ስትሞላ ቆሎውን ለብቻ በወረቀት ጠቅልለው ለጠዋት ያስቀምጡላት ጀመር።

ያን ቀን የምትጠብቃቸው ሕጎች ስምንት ናቸው። አምስቱ የየዕለት ሕጎች ናቸው፤ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ በፍትወት አለመሳሳት፣ አለመዋሸት፣ የሚያሰክር ነገር አለመጠጣት። በጾም ቀን ሦስተኛው ይጠብቅና ፍትወት ጨርሶ ይቀራል። ላዩ ላይ ከእኩለ ቀን በኋላ አለመብላት፣ ከጭፈራና ከጌጥ መራቅ፣ ከፍ ባለና በተመቻቸ አልጋ ላይ አለመተኛት ይጨመራሉ። ልጅቷ ያን ሌሊት ፍራሿን መሬት ላይ አውርዳ ታድራለች። አገሯ ላይ ይህ ቀን የመንግሥት በዓል ነው። በየወሩ ሥራ ይዘጋል፤ ሥጋና መጠጥም አይሸጥም። ቤተ መቅደሱን ነጭ በነጭ የሚያደርጉት በአብዛኛው እናቶችና አያቶች ናቸው። ለአንድ ቀን የመነኩሲት ኑሮ ይኖራሉ፤ በማግስቱ ወደ ምድጃቸው ይመለሳሉ።

ክፍሏ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ትንሽ የቡድሃ ሥዕል፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና አበባ ታስቀምጥ ነበር። አበባውን ከግቢው አስፈቅዳ ነው የምትቀጥፈው። ከማቅረቧ በፊት አታሸተውም። ስታቀርበው የምትደግመው ጸሎት ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ይህ አበባ እንደሚጠወልግ የእኔም ገላ ወደ መጥፋት ይሄዳል። «ሐውልት ያመልካሉ» የሚለው ሰው ይህን ጸሎት ቢሰማው ደስ ይለኛል።

በስሪላንካ ቤተ መቅደሶች ግቢ ደግሞ የማይጠፋ ዛፍ አለ። ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ እውነትን ያየበት ዛፍ ዝርያ ነው፤ የእኛ ዋርካና ሾላ የቅርብ ዘመድ። ሴቶቹ በማሰሮ ውኃ ይዘው እየዞሩ ሥሩን ያጠጣሉ። አንዷ ለነፍሰ ጡር ልጇ፣ አንዷ ፈተና ለሚወስድ ልጇ፣ አንዷ ለታመመ ባሏ ትለምናለች። መጻሕፍት ላይ ያለው ቡድሂዝም ስለ ባዶነትና ስለ ነጻ መውጣት ያወራል። የእናቶቹ ቡድሂዝም ውኃ ያጠጣል። ሁለተኛውን እንደ ተራ ልማድ የሚያዩ ምሁራን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሃይማኖቱን ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው እሱ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ጉዳዩ የተጀመረው ገና ቡድሃ በሕይወት ሳለ ነው። እናቱ በወለደችው በሰባተኛው ቀን ስለሞተች ያሳደገችው አክስቱ ማሃፓጃፓቲ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ መመንኮስ ፈለገች። ጠየቀችው፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አላት። ጸጉሯን ቆርጣ፣ ሌሎች ሴቶችን አስከትላ በእግሯ ረጅም መንገድ ተከተለችው። እግሯ አብጦ፣ አቧራ ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ አገኛት። አናንዳ ገብቶ ጠየቀ። «ሴት ልጅ ወደ መጨረሻው ነጻነት መድረስ ትችላለች?» ቡድሃ «ትችላለች» አለ። ከዚያ በኋላ መከልከያ ምክንያት አልተገኘም። ፈቀደ፤ ግን ስምንት ከባድ ሕጎች ተጨመሩ። አንደኛው፣ መቶ ዓመት የመነኮሰች ሴት እንኳ ዛሬ ለመነኮሰ ወንድ ተነስታ ትሰግዳለች ይላል። ብዙ የዘመኑ ተመራማሪዎች ሕጎቹ ኋላ የገቡ ናቸው ብለው ይጠረጥራሉ። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ።

የእነዚያ የመጀመሪያ ሴቶች ድምፅ አልጠፋም። ሴት መነኮሳቱ የተናገሯቸው ግጥሞች በፓሊ ቋንቋ በተጻፈው ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ በዓለም ላይ ካሉ እጅግ ጥንታዊ የሴቶች ጽሑፎች አንዱ ነው። ሙታ የምትባለዋ ከሦስት ጠማማ ነገሮች ነጻ ወጣሁ ትላለች። ከሙቀጫ፣ ከዘነዘናና ከጠማማ ባሏ። ከዚያ ቀጥላ ከመወለድና ከመሞትም ነጻ እንደወጣች ትናገራለች። ሙቀጫና ዘነዘና ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኙ አስቡት! ሴትዮዋ መዳንን ስትቆጥር ከጓዳ ነው የጀመረችው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የሕንዱ ንጉሥ አሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ቡድሃ ከሥሩ የተቀመጠበትን ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ወደ ስሪላንካ ተሻገረች፤ የሴቶችንም ምንኩስና አቋቋመች። ዛፉ አኑራዳፑራ ከተማ ውስጥ ዛሬም ይከበራል። በታኅሣሥ ጨረቃ ስትሞላ የሚከበረው በዓል የእሷ መታሰቢያ ነው። በ433 የስሪላንካ ሴት መነኮሳት በመርከብ ቻይና ደርሰው ለቻይና ሴቶች ምንኩስና ሰጡ። ነገሩን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል። በ11ኛው መቶ ዓመት ከደቡብ ሕንድ የመጣ ወረራ የስሪላንካን ገዳማት አፈረሰ። ወንዶቹ መነኮሳት ከምያንማር ሰው አስመጥተው መስመራቸውን ቀጠሉ። የሴቶቹ ተቋርጦ ቀረ።

ሕጉ ሴት ስትመነኩስ ሁለት ጉባኤ ይጠይቃል፤ የሴት መነኮሳትና የወንድ መነኮሳት። ሴት መነኮሳት ካለቁ ማን ያመነኩሳል? ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ መልሱ «ማንም» ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግን አንዳንድ የስሪላንካ ሴቶችና የሚደግፏቸው መነኮሳት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መለሱ። በ433 ለቻይና የተሰጠው መስመር በታይዋንና በኮሪያ ሳይቋረጥ ኖሯል። በ1996 ሕንድ ውስጥ ሳርናት ላይ፣ በ1998 ደግሞ ቡድሃ ከዛፉ ሥር በተቀመጠበት በቦድ ጋያ፣ የስሪላንካ ሴቶች በእነዚያ እህቶቻቸው እርዳታ መነኮሱ። እነዚያ እህቶች የተበደሩትን ከ1,500 ዓመት በላይ ቆይተው መለሱ ማለት ነው። ተቃዋሚዎች «የቻይናው መስመር የሌላ ወገን ነው፣ አይቆጠርም» ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ቡድሃ መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ብቻቸውን ሴቶችን እንዲያመነኩሱ መፍቀዱንና ያን ፈቃድ አለመሻሩን ይጠቅሳሉ። እኔ ሁለቱን ወገን ሳነብ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ይመስለኛል። ቢሆንም ጉዳዩ በክርክር ብቃት ቢያልቅ ኖሮ ድሮ ባለቀ ነበር።

የሚያስቸግረው ወረቀት ነው። ስሪላንካ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች መንኩሰዋል፤ መታወቂያቸው ላይ ግን የመነኩሲት ማዕረጋቸው አይጻፍም ተባለ። አንዲት መነኩሲት ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ፍርድ ቤቱም በ2025 መብታቸው ተጥሷል ሲል ፈረደላቸው። መታወቂያ ላይ አንድ ቃል ለማስጻፍ ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይህን አይንቅም።

ታይላንድ ላይ የባሰ ነው። ሁለት እህትማማቾች መንኩሰው በመገኘታቸው የመነኮሳቱ የበላይ አባት በ1928 ሴትን ማመንኮስ ከለከሉ። ክልከላው እስከ ዛሬ አልተነሳም። ነጭ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ስምንቱን የጾም ቀን ሕግ ሁልጊዜ እየጠበቁ በገዳማት የሚኖሩ ሴቶች አሉ። ለምርጫ ሲሆን መናኝ ተብለው አይመርጡም። ለመነኮሳት የሚሰጥ ጥቅም ሲመጣ ደግሞ ምእመን ናችሁ ይባላሉ። የቀድሞዋ የታማሳት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዳማናንዳ ልጆች ካሳደጉ በኋላ በ2003 ስሪላንካ ሄደው ሙሉ ምንኩስና ተቀበሉ። ዛሬ ባንኮክ አጠገብ ናኮን ፓቶም ውስጥ እናታቸው የመሠረቱትን የሴቶች ገዳም ይመራሉ። ምእመናኑ ሩዝ ይዘው ደጃቸው ይቆማሉ። መንግሥት አያውቃቸውም፤ ጎረቤት ግን ያውቃቸዋል።

ምያንማር ውስጥ ያለው ልዩነት ከሁሉም ይበልጥ ልቤን ይነካኛል። ሮዝ ልብስ የሚለብሱት ሴት መናኞች፣ ቲላሺን የሚባሉት፣ እነሱም ለምጽዋት ይወጣሉ። ወንዱ መነኩሴ የበሰለ ሩዝ ይሰጠዋል። እነሱ ጥሬ ሩዝ ይሰጣቸዋል። ራሳቸው ወስደው ያበስሉታል፤ ብዙ ጊዜም ለመነኮሳቱ ጭምር። ዓለምን ጥላ የሄደችውን ሴት ምድጃው ተከትሏት ሄዷል።

ታዲያ የተሻለ የሆነው የት ነው? ታይዋን። እዚያ ሴት መነኮሳት ከወንዶቹ ይበዛሉ፤ ትልልቅ ተቋማትንም ይመራሉ። ምክንያቱን የቻይናው መስመር አለመቋረጡ ላይ ብቻ ማድረግ ይቻላል። ለእኔ ግን ገንዘቡም እኩል ድርሻ አለው። በ1966 ቼንግ የን የተባሉ ወጣት መነኩሲት ሁዋልየን ከተማ ውስጥ 30 የቤት እመቤቶችን ሰብስበው ጹ ቺ የተባለውን በጎ አድራጎት መሠረቱ። እያንዳንዷ ሴት በቀርከሃ ቁራጭ ውስጥ በየቀኑ 50 ሳንቲም ትጥላለች። ወደ አስቤዛ ስትሄድ ከጎመኑ ገንዘብ ቀንሳ ማለት ነው። «በወር አንዴ 15 የታይዋን ዶላር ብንሰጥ አይቀልም ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ በየቀኑ የሚጣለው ሳንቲም በየቀኑ ደግ ሐሳብ እንዲያስነሳ ስለምፈልግ ነው ብለዋል። ከዚያ የቀርከሃ ሙዳይ ተነስተው በ1986 ሆስፒታል ከፈቱ፤ የሕክምና ትምህርት ቤትም ተከተለ። ዛሬ በብዙ አገሮች አደጋ ሲደርስ ቀድመው ከሚደርሱት መካከል ናቸው። እቁብና የሴቶች ማኅበር ባለበት አገር ላደገ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ሙዳዩን የምትከፍተው ሴት መሆኗ ነው። ማዕድ ቤቱንም ሣጥኑንም የያዘችን ሴት «አንቺ አትቆጠሪም» ማለት ያስቸግራል። ማዕድ ቤቱን ብቻ ለያዘችው ግን በቀላሉ ይባላል።

ለትምህርትም እንዲሁ ነው። ከፍተኛው የቲቤት ቡድሂዝም የነገረ መለኮት ማዕረግ ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ነበር። በ2011 አንዲት ጀርመናዊት መነኩሲት የመጀመሪያዋ ሆኑ። በ2016 ደግሞ 20 ሴት መነኮሳት ረጅሙን ፈተና አልፈው ማዕረጉን ከዳላይ ላማ እጅ ተቀበሉ። እነዚህ ሴቶች ዛሬ ሴቶችን ያስተምራሉ።

ግን አንድ ነገር መረሳት የለበትም። ሁሉም ሴት ምንኩስናውን አይፈልገውም። ስሪላንካ ውስጥ አሥር ሕግ እየጠበቁ የሚኖሩ «ሲል ማታ» የሚባሉ እናቶች አሉ። ከመካከላቸው ሙሉ ምንኩስና ሲቀርብላቸው ያልተቀበሉ ብዙ ናቸው። ከመነኮሱ በማሃፓጃፓቲ ጊዜ የተጨመሩት ስምንቱ ከባድ ሕጎች ከወንዶቹ ሥር ያስገቧቸዋል። አሁን ባሉበት ግን የራሳቸው አለቃ ራሳቸው ናቸው። ከውጭ የሚያይ ሰው «መብታቸውን አልተረዱም» ሊል ይችላል። እኔ በደንብ ያሰቡበት ይመስለኛል።

ከቤቷ ሳትወጣ ርቃ የሄደችም አለች። ዲፓ ማ፣ ማለት የዲፓ እናት፣ በ1911 በዛሬዋ ባንግላዴሽ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ተዳሩ፤ ኋላም ወደ ምያንማር ሄዱ። ሁለት ልጆች ሞቱባቸው፤ ቀጥሎ ባላቸው ሞተ። ኀዘኑ ከአልጋ ጣላቸው። ደረጃ መውጣት አቅቷቸው እየዳኹ ነበር ይባላል፣ ማሰላሰል ለመማር ገዳም የሄዱት። ኋላ ካልካታ በአንዲት ጠባብ ቤት ሆነው ለጎረቤት የቤት እመቤቶች ያስተምሩ ጀመር። ልጅ ስታጠቢ ማጥባቱን ልብ በይው፤ ሳህን ስታጥቢ፣ ልብስ ስትተኩሺ ልብሽ እዚያው ይሁን ይሏቸው ነበር። «ጊዜ የለኝም» የምትል እናት እሳቸው ዘንድ ማምለጫ አልነበራትም። አሜሪካ ውስጥ ማሰላሰልን ካስፋፉት ስመ ጥር አስተማሪዎች ጥቂቶቹ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በ1989 ሲሞቱ ቆብም ማዕረግም አልነበራቸውም።

ምያንማር ውስጥ ሴት መናኞቹ ዛሬም ጥሬ ሩዝ ይቀበላሉ። ከታይላንድ ሙሉ ምንኩስና የምትፈልግ ሴት እስከ አሁን ብዙ ጊዜ ስሪላንካ ድረስ ትበርራለች። ስሪላንካ ላይ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ሕጉ ሌላዋን የምታመነኩስ ሴት ራሷ 12 ዓመት የቆየች እንድትሆን ይጠይቃል። በ1998 የመነኮሱት ይህን ከሞሉ ቆይተዋል። «ማን ያመነኩሳል?» ለሚለው የዘጠኝ መቶ ዓመት ጥያቄ አሁን መልሱ እነሱ ናቸው።